የተራራው ጸጥታ የማን ነው?

በስሜን፣ በባሌ፣ በመንዝ፣ በኬንያ ተራራ ግርጌና በኪሊማንጃሮ ዙሪያ ከከተማ ግርግር የሸሸ ሰው ጥቂት ሌሊት የሚያድርባቸው ማረፊያዎች አሉ። የእነዚህ ማረፊያዎች መግለጫ በየትኛውም ቋንቋ ይጻፍ፣ ሦስት ቃላት አይጠፉበትም፤ «ያልተነካ»፣ «ድንግል»፣ «ሰው ያልደረሰበት»። ከእነዚህ ቀጥሎም፣ ብዙውን ጊዜ በዚያው ገጽ ላይ፣ «የአካባቢው ነባር ሕዝብ ጥንታዊ ቅርስ» የሚል ሐረግ ይከተላል። እንግዲህ ስፍራው ሰው ያልደረሰበት ከሆነ ነባሩ ሕዝብ ከየት መጣ? ነባር ሕዝብ ካለስ ስፍራው እንዴት ሰው ያልደረሰበት ይባላል?

ጽሑፍን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ማሻገር ሙያው የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን ተቃርኖ እንዳላየ ሆኖ ማለፍ አይቻለውም። አንድ ቋንቋ በልማድ ሸፋፍኖ ያለፈውን ነገር ሌላው ቋንቋ አልቀበልም ብሎ ሲመልሰው ያን ጊዜ ይገለጣልና። ጥያቄው ግን የቃላት ብቻ አይደለም። ከቃላቱ ሥር የሥነ ምግባር ጥያቄ ተኝቷል። በተራራ ላይ የምናገኘው ጸጥታ የማን ነው? እስከ ዛሬስ ያቆየው ማን ነው? የሦስት ሌሊት እንግዶች የሆንን ሰዎች ለዚያ ላቆየው ሰው ዕዳ አለብን ወይስ የለብንም?

«ዊልደርነስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከረ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል። «ምድረ በዳ» ቢሉት ባዶነትንና ጥማትን ያመጣል። «በረሃ» ቢሉት ቆላና ሐሩር ነው፤ ውርጭ የሚወርድበትን ደጋ አይገልጽም። «ጫካ» ቢሉት ዛፍ የሌለውን ሰፊ የሣር ምድር ያስቀራል። «ዱር» የሚለው ቀረብ ይላል። ነገር ግን በአማርኛ ዱር ሰው የሌለበት ስፍራ ሆኖ አያውቅም፤ የሸፈተ «ዱር ቤቴ» ብሎ ይገባበታል፣ እረኛ ይውልበታል፣ ማር ቆራጭ ይመላለስበታል፣ ባሕታዊ ይሰወርበታል። ከእነዚህ ቃላት አንዱም «ሰው ስለሌለበት መልካም የሆነ ስፍራ» የሚለውን ሐሳብ አይሸከምም። ይህን የአማርኛ ድህነት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ይመስለኛል። ሐሳቡ ራሱ በሌላ አገርና በሌላ ታሪክ ውስጥ የተወለደ ነው።

የተወለደበት አገርም ይታወቃል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1872 የሎውስቶንን ብሔራዊ ፓርክ አድርጋ ስትሰይም፣ ስፍራው ሾሾኒና ሌሎች ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ሲያድኑበትና ሲመላለሱበት የኖሩ ምድር ነበር። የዮሰሚቴ ሸለቆም የአዋኒቺ ሕዝብ ቤት ነበር፤ በካሊፎርኒያ የወርቅ ፍለጋ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1851፣ የታጠቀ ኃይል ገብቶ አፈናቀላቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለውን ምድር ሲበይን ሰው በእንግድነት የሚያልፍበት እንጂ የማይቀመጥበት ነው አለ። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። መጀመሪያ ሰዎቹ እንዲነሡ ተደረገ፤ ቀጥሎ ስፍራው ባዶ ተባለ፤ በመጨረሻም ባዶነቱ ከፍጥረት ጀምሮ የነበረ ጠባዩ ተደርጎ ተቆጠረ። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። እዚህ የተደረገው ግን ከንቀትም ያለፈ ነው። የናቀ ሰው ባለቤት መኖሩን ቢያንስ ያምናል፤ «ያልተነካ» የሚለው ቃል ግን ባለቤት ኖሮ እንደማያውቅ ይናገራል።

በእኛ በኩል ሌላ ቃል አለ። በግዕዝ «ገዳም» ማለት በጥንተ ፍችው ከሰው መንደር የራቀ ሜዳ፣ ዱር፣ ምድረ በዳ ማለት ነው። መጥምቁ ዮሐንስ በይሁዳ ምድረ በዳ እንደ ሰበከ የሚናገረው የአማርኛ ወንጌል በግዕዙ በገዳም ሰበከ ይላል። ይኸው ቃል ውሎ አድሮ መነኮሳት በሥርዓት የሚኖሩበት ስፍራ መጠሪያ ሆነ። ዱርና ሱባኤ በአንድ ቃል ተገናኙ። ዛሬ የጉዞ ድርጅቶች ሁለት ሦስት ቃላት አጣምረው የሚያስተዋውቁት ነገር፣ ከዓለም ርቆ በተፈጥሮ መካከል ማረፍ፣ በግዕዝ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ስም ነበረው። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። ገዳም ሰው ራሱን የገታበት ስፍራ ነው። የስፍራው ክብር የሚመጣው ከሰዎቹ አለመኖር ሳይሆን እየኖሩ ከተዉት ነገር ነው።

ይህን ለማየት ከአዲስ አበባ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ብቻውን ቆሞ የሚታየው ዝቋላ በጫፉ ላይ ሐይቅ ያቀፈ የቀድሞ እሳተ ገሞራ ነው። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም በዚያ ይገኛል፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ብዙ ሕዝብ ይወጣበታል። በአካባቢው የሚኖረው ኦሮሞም ተራራውን በራሱ ሥርዓት ሲያከብረው ኖሯል። ጻድቁ በቅዱሳት ሥዕላት ላይ ዘወትር ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር ይታያሉ። የዝቋላ ደን ቃጠሎ ደጋግሞ ቢጎዳውም፣ ከግርጌው እርሻ ተለይቶ እስከ ዛሬ የቆየው ሰው ስላልደረሰበት አይደለም፤ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሰው ይደርስበታል። ያቆየው የደረሰው ሰው ምሳሩን ከታች ትቶ እንዲወጣ የሚያደርገው ክብር ነው።

ሃይማኖት ብቻውን ይህን አያደርግም ወይ፣ የዕለት ኑሮስ እንዲህ ያለ ራስን መግታት ይችላል ወይ ለሚል ሰው ጥሩው ምሳሌ የመንዝ ጓሳ ነው። ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ በሚደርስ ከፍታ የተዘረጋ የውርጭ አገር ነው። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ሣሩ ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳ ይሠራበታል። በሣሩ መካከል አስታና ጅብራ ይታያሉ። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይግጣል። በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ከማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ በዚህ ይኖራሉ። ከከፍታው የሚፈልቁት ምንጮች ከፊላቸው ወደ ዓባይ፣ ከፊላቸው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ላየው ሰው የሰው እጅ ያልነካው ምድር ይመስላል።

የሰው እጅ ግን ነክቶታል፤ ደግሞም በብርቱ ሕግ። ከ400 ዓመታት ገደማ በፊት መንዝን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ይህን ከፍታ ከእርሻ ለይተው ለሣርና ለግጦሽ እንደተዉት በአካባቢው ይተረካል። ምድሩ የአቅኚዎቹ ተወላጆች በአጽመ ርስት መብት የሚጋሩት ወል ሆነ፤ አጠባበቁም ቄሮ በሚባል ሥርዓት ተደነገገ። ይህ የመንዝ ቄሮ በቅርብ ዓመታት በኦሮሚያ የወጣቶች ንቅናቄ መጠሪያ ሆኖ ከሚታወቀው ቃል ጋር መምታታት የለበትም። በሥርዓቱ መሠረት ማኅበረሰቡ «አባ ቄራ» የሚባል አለቃ ይመርጥ ነበር። ጓሳው ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። በተዘጋበት ዘመን ከብት ማስገባትና ሣር ማጨድ ክልክል ነው። የሚከፈተውም በበጋው ጽናት፣ ሌላው ስፍራ ሣር በሚያልቅበት ወራት ነው። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብት ይገባል፣ ክረምቱ ሲቃረብ ተመልሶ ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ ሰው በጎረቤቶቹ ፊት ይጠየቃል።

እንግዲህ በተዘጋው በሦስተኛው ዓመት፣ በየካቲት ወር፣ በጓሳው ዳር የቆመ አንድ የመንዝ ገበሬ በዐይነ ልቡና እንመልከት። ላሙ ከስታለች። ማዶው ሣር ነው፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ነፋስ እንደ ባሕር የሚያወዛውዘው ሣር። በመካከል አጥር የለም። ገበሬው አይገባም። የማይገባውም ሣሩ ስላልሆነ ሳይሆን የእርሱም ስለሆነ ነው፤ ዛሬ እርሱ ቢገባ ነገ ሁሉም ይገባል፣ ከነገ ወዲያ ለማንም አይኖርም። ከተሜው እንግዳ ከዓመታት በኋላ መጥቶ የሚያደንቀው ጸጥታ የተሠራው ከእንዲህ ያለው ቀን ነው። እኛ «ተፈጥሮ» ብለን የምንጠራው ነገር ከፊሉ ያልታጨደ ሣር ነው፤ ያልታጨደ ሣር ደግሞ ያላጨደው ሰው አለው።

በዚሁ ጓሳ ተመራማሪዎች ያስተዋሉት አንድ ነገር አለ። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ አይጥ ያድናል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው ቀበሮው በመንጋው መካከል ሆኖ ካደረጋቸው የአይጥ አደን ሙከራዎች 67 በመቶ ያህሉ ሲሳኩ፣ ብቻውን ሲያድን ግን የሚሳካለት 25 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የጭላዳ ግልገል ለመንጠቅ ቅርብ ሆኖ ሳለ በአብዛኛው ይተዋል፤ ቢነጥቅ መንጋው ያባርረዋልና። ከአራዊት የሥነ ምግባር ሕግ መቅዳት አይገባም፤ ቀበሮ አይመንንም፣ አይጾምምም። ሆኖም አብሮ መኖር በመታቀብ ላይ እንደሚቆም፣ መታቀብም ለታቀበው ራሱ እንደሚጠቅም በዚያ ከፍታ ላይ በዐይን ይታያል።

አሁን ወደ እንግዳው እንመለስ። ወደ ተራራ ማረፊያ የሚሄድ ሰውም የሚፈልገው መታቀብን ነው። ስልኩ እንዳይሠራ፣ መብራቱ እንዲቀንስ፣ ድምፅ እንዳይኖር ይሻል፤ ለዚህም ይከፍላል። ይህ መልካም ነው፤ ነፍስ ዕረፍት ትፈልጋለች፣ በተራራ ላይ የሚገኝ ዕረፍትም ከንቱ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሁለት መታቀቦች በአንድ ስፍራ እንደተገናኙ ማየት ያስፈልጋል። የእንግዳው መታቀብ ሦስት ሌሊት ነው፤ በወደደ ጊዜ ያቋርጠዋል፤ ሲመለስም ያጣው ነገር የለም። የጠባቂው መታቀብ ማገዶ፣ ሣር፣ የግጦሽ ቦታ፣ አንዳንዴም ማሳ መተው ነው፤ ቤተሰቡ አብሮት ይታቀባል። የእንግዳው ዕረፍት የቆመው በጠባቂው ድካም ላይ ነው። አንዱ የሌላውን ጾም እየበላ ይኖራል ብንል ማጋነን አይሆንም።

በገዛ ፈቃድ መታቀብና በሌላ ሰው ትእዛዝ መታቀብ ደግሞ አንድ አይደሉም። ጓሳን የዘጋው ሰው በመዘጋቱ የሚቸገረው ሰው ራሱ ነበር፤ የሚከፈትበትን ቀንም የሚወስነው እርሱ ነበር። የስሜን ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ሄዷል። የስሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ፤ በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች ጋር ተመዘገቡ። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገቡ፤ ከዚያ የወጡት በ2017 ነው። ከመውጣታቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ የግጭ መንደር አባወራዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲሄዱ ተደረገ። የታሪክ ተመራማሪው ጊዮም ብላን እ.ኤ.አ. በ2020 በፈረንሳይኛ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የስሜንን ጉዳይ ይዞ፣ ሰው የሌለባት ገነት አፍሪካ የምትባል ምናብ በዓለም አቀፍ ባለሙያዎች በኩል ወደ ደጋው ገበሬ ቤት እንዴት እንደደረሰች ያሳያል።

በሌላ በኩል ያለውን ክርክር ማቃለል ግን ፍትሕ አይሆንም። ዋልያ ከስሜን በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ ስፍራ በዓለም የለም። የግጭ ሜዳ በግጦሽ ብዛት ተጎድቶ ነበር፤ ገደላማው ማሳ አፈሩን በየክረምቱ ይለቅ ነበር። አንድ ፍጥረት ከጠፋ ካሳ ተከፍሎ አይመለስም፤ መንደር ግን ሌላ ስፍራ ሊሠራ ይችላል። ይህን የሚል ሰው ክፉ አይደለም፤ የሚናገረውም እውነት አለው። ደካማው ጎኑ መታቀብን ሁሉ ከአንድ ወገን መጠየቁ ነው። በዓለም ከተሞች የምንኖር ሰዎች የአየሩን ጠባይ ስንለውጥ፣ ዋልያውን ወደ ጠባብ ከፍታ የሚገፋውን የመንገድና የገበያ መስፋፋት ስንመኝ፣ ቤቱን እንዲለቅ የምንጠይቀው ግን በተራራው ላይ ገብስ የሚዘራውን ሰው ብቻ ነው። ዓለም የጋራ ቅርሴ የሚለውን ነገር የማቆየቱን ወጪ ከሁሉ ድኻ የሆነው ሰው ብቻውን ሊከፍል አይገባም።

ይህ የኢትዮጵያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኬንያ የማው ደን በተራራ ላይ ያለ ሰፊ የዝናብ ማኅደር ነው። ኦጊየክ የሚባሉት ሕዝቦች በደኑ ውስጥ ቀፎ ሰቅለው፣ ማር ቆርጠውና አድነው ኖረዋል። መንግሥት ደኑን ለመጠበቅ በሚል እንዲወጡ ሲያዝዝ ጉዳዩ አሩሻ ወደሚገኘው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 2017 በሰጠው ፍርድ ኬንያ የኦጊየክን የመሬት፣ የባህልና የሃይማኖት መብት እንደጣሰች ወሰነ፤ የደን ጥበቃ እነርሱን ለማስወጣት በቂ ምክንያት እንዳልሆነም ተናገረ። በ2022 ደግሞ ካሳ እንዲከፈላቸውና መሬታቸው እንዲታወቅላቸው አዘዘ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2023 መጨረሻ ከማው የማፈናቀል ዘመቻ እንደገና መካሄዱ ተሰማ። ፍርድ አንድ ነገር ነው፤ «ደኑ ባዶ ሲሆን ያምራል» የሚለው ልማድ ግን ከፍርድ በኋላም ይኖራል።

ነባሩን ሥርዓት ስናወድስም ልክ መጠበቅ አለብን። ቄሮ የእኩልነት ሥርዓት አልነበረም። መብቱ በዘር ሐረግ የሚወረስ ነበር፤ ከአስቦና ከጌራ የማይወለድ ሰው በጓሳው ላይ ድርሻ አልነበረውም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ቄሮ ሥልጣኑን አጣ፤ አዋጁም የመጣው ርስት የሌላቸውን ሰዎች የዘመናት እንባ ይዞ ነው። ነገር ግን ጓሳን የሚዘጋው እጅ ሲወገድ በቦታው የተተካ ሌላ ጽኑ እጅ አልነበረም፤ ሁሉም ባለመብት በሆነበት ስፍራ ጠባቂ ጠፋ። በኋላ የአካባቢው ሰዎች በኮሚቴ ተደራጅተው ጓሳን እንደገና ሕግ አበጁለት፤ በክልሉም ሕግ የማኅበረሰብ ጥበቃ ስፍራ ተብሎ ዕውቅና አገኘ። እንግዶች የሚያድሩበት ቀላል ማረፊያም የማኅበረሰቡ ሆነ። ቅርስ እንዲህ ሲሆን ሕያው ነው፤ የጎደለውን እያረመ፣ የተውነውን ትምህርት እያስታወሰ ይቀጥላል። የቄሮ ውርስ የዘር መዝገቡ ላይ አልቀረም፤ «የምንጠቀምበትን ነገር እኛው እንዘጋለን» በሚለው ቃል ኪዳን ውስጥ ነው የሚገኘው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ በየማረፊያው የሚቀርበው «የባህል ምሽት» ምን ያህል ቀጭን ነገር እንደሆነ ይገባናል። ገሳው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የገሳውን ሣር ለዓመታት የጠበቀው ሕግ ግን በመግለጫው ላይ አይጠቀስም። በባሌ የሚገኘው ጎዳንቱ የሚባለው የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ሥርዓት ከብትን በወቅቱ ወደ ከፍታው አውጥቶ በወቅቱ የሚመልስ፣ የሣሩንና የማዕድን ውኃውን ጊዜ የሚያውቅ ዕውቀት ነው። የባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ የተመዘገቡት በተፈጥሮ ዘርፍ ነው። ከብቱን በዚያ ከፍታ ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረው እረኛ ግን በብዙ ሰው ዐይን ዛሬም ችግር እንጂ ቅርስ ሆኖ አይታይም። ልብሱን ቅርስ፣ የልብሱን ባለቤት ግን እንቅፋት አድርጎ መያዝ ቅርስ ማክበር አይደለም።

አንድ ፈተና ይቀራል፤ ከሁሉም ከባዱ እርሱ ነው። እንግዳው ባይመጣስ? እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን ጉዞ አቋረጠ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የስሜንና የመንዝን መንገድ ከእንግዳ አራቀ። ለብዙ ዓመታት ለተራራ ሕዝብ ሲነገረው የኖረው ምክንያት «ጠብቁት፣ ቱሪስት ይመጣል፣ ገንዘብ ይመጣል» የሚል ነበር። ይህ ምክንያት የሚጸናው መንገዱ ሰላም እስከሆነ ብቻ ነው። ቄሮ ግን ማንም እንግዳ ሳይመጣ ለዘመናት ጸንቷል፤ ምክንያቱ የውጭ ሰው አድናቆት አልነበረምና። ሣሩ ለልጅ እንዲተርፍ ነበር። ስፍራን በገንዘብ ተስፋ ብቻ እንዲጠበቅ ያስተማረ ሰው፣ ገንዘቡ ሲቀር እንዲተው አስተምሯል ማለት ነው። እንግዳ የጠባቂው ዋና ምክንያት መሆን አይገባውም፤ ረዳቱ ቢሆን ይበቃዋል።

ታዲያ እንግዳ የሆንን ሰዎች ምን እናድርግ? አንሂድ ማለት መልስ አይደለም። መልሱ ከእንግድነት ሥርዓታችን ውስጥ ይገኛል። በአገራችን እንግዳ ቤት ሲገባ የቤቱን ባለቤት ሳይጠይቅ ጓዳ አይገባም፤ የቀረበለትንም ማን እንዳቀረበው ያውቃል። በተራራም እንዲሁ ነው። የምናድርበት ስፍራ የማን ወል እንደነበረ፣ የማረፊያው ገቢ ለማን እንደሚደርስ፣ ስለ ስፍራው የሚወስነው ጉባኤ ውስጥ የአካባቢው ሰው ድምፅ እንዳለው ወይም እንደሌለው መጠየቅ የእንግዳ ግዴታ ነው። ሰው ተነሥቶበት ከሆነም የት እንደሄደ መጠየቅ ይገባል። እነዚህ ጥያቄዎች ዕረፍትን አያበላሹም። ዕረፍታችን ባለማወቅ ላይ ብቻ የሚቆም ከሆነ ግን ቀድሞውንም ዕረፍት አልነበረም።

የምንጽፍና የምንተረጉም ሰዎችም የራሳችን ድርሻ አለን። «ያልተነካ» የሚል ቃል ሲመጣብን «የተጠበቀ» ብለን ልንመልሰው እንችላለን። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የሰዋስው ሕግ ራሱ ይረዳናል። «ያልተነካ» ለሚለው ቃል ማን ያልነካው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ «የተጠበቀ» የሚለው ቃል ግን በማን የሚል ጥያቄ ያስነሣል። ጥያቄው ከተነሣ ደግሞ በጓሳ ዳር ቆሞ ያልገባው ገበሬ፣ በዝቋላ ምሳሩን ከታች ትቶ የወጣው ምእመን፣ በማው ቀፎውን የሰቀለው ኦጊየክ፣ ከግጭ የተነሣው አባወራ ሁሉ በመልሱ ውስጥ ይቆጠራሉ። ተራራው ጸጥ ያለው ሰው ስለሌለበት ከሆነ ለማንም ዕዳ የለብንም። ጸጥታው የተጠበቀ ከሆነ ግን ባለዕዳዎች ነን፤ ዕዳውንም ከአዳር ክፍያው በላይ እንጂ በታች ልናስበው አይገባም።